በደጋ ስፌት ቤት እርጥበቱ ከየት ይመጣል? በሰፊው ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቤታቸው ልብስ ለሚሰፉና ጥልፍ ለሚጠልፉ ሰዎች የተጻፈ፣ የስፌት ክፍልን ከክረምት እርጥበት ስለመጠበቅ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና እዚሁ ደብረ ብርሃን ካሉ የሙያ ጓደኞቼ ደጋግሞ ደርሶኛል፤ አንዷማ «እንደተባለው አድርጌ ነበር፣ ክፍሉ ግን ባሰበት» ብላ ጨምራ ጽፋልኛለች። ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ የቤት ውስጥ ስፌት እንደ ሙያ ተቆጥሮ፣ ስለ ክፍሉ አየር የሚጽፍ ሰው መገኘቱም ያስደስታል። ይሁን እንጂ ከምክሮቹ አንዱ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል፣ ሌሎቹም ጨርቅና የስፌት መኪና የሚያበላሹ ሆነው ስላገኘኋቸው መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል።

በመጀመሪያ ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጎድል ላስቀምጥ። እርጥበት ማለት ከውጭ የሚገባ የዝናብ አየር ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም የክፍሉ በርና መስኮት ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ መዋል አለበት ይላሉ። በክፍሉ ማዕዘን አንድ ሳህን ጨውና አንድ ሳህን ከሰል ቢቀመጥ እርጥበቱን ይመጠዋል፤ ማታ ማታ በማንደጃ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ዘግቶ ማሞቅ ግድግዳውን ያደርቃል፤ ጨርቅና ያለቀ ልብስ በፌስታል ተጠቅልሎ ጥብቅ ተደርጎ መታሰርና ከወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ይላሉ። ክር የሚበጠሰው በእርጥበት ምክንያት በመሆኑ ክፍሉ በደረቀ ቁጥር ሥራው ይቃናል፣ መለኪያ ያለው ሰውም እርጥበቱን ከመቶ 30 ድረስ ያውርደው የሚል ነጥብም አላቸው። በመጨረሻ፣ አቅም ያለው ሰው እርጥበት የሚመጥ የኤሌክትሪክ ማሽን ከገዛ ሌላው ሁሉ እንደማያስፈልገው ይጽፋሉ።

መስኮቱን ዝጉ ከሚለው ልጀምር፤ የቀሩት ስሕተቶች በአብዛኛው ከዚህ የሚወለዱ ናቸውና። ምክሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ ውጭ እየዘነበ መስኮት መክፈት ውኃን ወደ ቤት መጋበዝ ይመስላል። ነገር ግን አየር ሊሸከመው የሚችለው የውኃ ተን መጠን በሙቀቱ የሚወሰን ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ10 ዲግሪ ቢበዛ 9.4 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ በ17 ዲግሪ 14.5 ግራም፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 30 ግራም ገደማ ይይዛል። መለኪያው ላይ የምናየው ቁጥር፣ ማለትም አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው፣ አየሩ አሁን የያዘው ውኃ በዚያው ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ስንት እጅ እንደሆነ የሚያሳይ እንጂ የውኃውን መጠን በቀጥታ የሚናገር አይደለም። ስለዚህ ውጭ ያለው ቀዝቃዛ አየር መለኪያው 95 ቢያሳይም፣ ውስጥ ካለው ሞቅ ያለ አየር ያነሰ ውኃ የያዘ ሊሆን ይችላል።

ይህን በእኛ አገር ሁኔታ እናስላው። በሐምሌ ማለዳ ደብረ ብርሃን ውጭ 10 ዲግሪ ነው፣ እርጥበቱም ከመቶ 95 ነው እንበል፤ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ የያዘው ውኃ 9 ግራም አይሞላም። ሰው ያደረበት ወይም ሲሠራበት የዋለ የስፌት ክፍል ደግሞ 17 ዲግሪ ሆኖ መለኪያው 85 ቢያሳይ፣ በሜትር ኩብ ከ12 ግራም በላይ ውኃ ይዟል ማለት ነው። መስኮቱ ተከፍቶ አየሩ ቢለወጥና የገባው አየር ወደ 17 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ያ «የዝናብ አየር» የተባለው መለኪያውን ወደ 60 አካባቢ ያወርደዋል። የእኔ ክፍል ሦስት ሜትር በአራት ሜትር፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ 30 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። በአንድ ጊዜ የአየር ልውውጥ ብቻ መቶ ግራም ያህል ውኃ በመስኮቱ ይወጣል። መስኮቱን የሚዘጋ ሰው ይህን መቶ ግራም ከጨርቁና ከመኪናው ጋር አስሮ ያስቀምጠዋል።

ውኃው ከየት መጣ ለሚል መልሱ ከእኛው ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ሲሠራ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራምና ከዚያም በላይ ተን ያወጣል። እኔና ሁለት ጠላፊዎች ስምንት ሰዓት ስንሠራ ብንውል አንድ ሊትር ውኃ ያህል ወደ አየሩ እንለቃለን። በዚህ ላይ የካውያው እንፋሎት፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቦ መተኮስ፣ ጀበናው፣ የተወለወለው ሲሚንቶ ወለል፣ ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ተለቅሞ ውስጥ የሚሰጣ የቤተሰብ ልብስ አለ። አንድ ማጠቢያ ሙሉ ልብስ በክፍል ውስጥ ሲደርቅ ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ሊለቅ ይችላል። ጸሐፊው ከውጭ ስለሚመጣው ጠላት ብዙ ጽፈው በቤት ውስጥ ስለሚፈላው ውኃ አንድ ቃል አለማንሳታቸው የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ነው እላለሁ። በእኔ ቤት ከሁሉ ይበልጥ ለውጥ ያመጣው የታጠበ ልብስ ከስፌት ክፍሉ ማስወጣቴ ነው።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ልሁንና ምክራቸው የሚሠራበት ቦታ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አለ። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ስሌቱ ይገለበጣል። በዚያ ቀን ላይ የውጭው አየር 28 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 65 ቢሆን፣ በሜትር ኩብ ከ17 ግራም በላይ ውኃ ተሸክሟል። ይህ አየር ወፍራም ግድግዳ ወዳለው፣ 20 ዲግሪ ወደሚሆን ቀዝቃዛ ክፍል ቢገባ ግድግዳው ላይ ላብ ይሆናል፤ እዚያ ቀን ዘግቶ ማለዳና ሌሊት መክፈት ይሻላል። እንደዚሁም በአንኮበርና በጣርማ በር ጉሙ እየተንሳፈፈ በር ላይ ሲደርስ፣ አየሩ ከተኑ ሌላ ደቃቅ የውኃ ጠብታ ተሸክሞ ስለሚገባ መዝጋት ተገቢ ነው። የማልቀበለው ይህን ለየት ያለ ሁኔታ ለደብረ ብርሃንም ለመሐል ሜዳም ለሸዋ ሮቢትም አንድ ሕግ አድርጎ መስጠትን ነው። በጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ደጋውም ቆላውም ባለበት አገር፣ «መስኮት ይዘጋ» ከማለት በፊት «ክፍሉ ከውጭው ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በደጋው የሚሠራው ይህ ነው፤ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይና ሥራ ሲያበቃ፣ በርና መስኮትን ፊት ለፊት ከፍቶ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ አየሩን በደንብ መለወጥና መልሶ መዝጋት። መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ግን አልመክርም፤ ግድግዳውንና ዕቃውን ያቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ዕቃ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ስለዚህ ጣጣ ትንሽ ልቆይ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ በክረምትም ብርድ ነው። የስፌት መኪናዬ ጥቁር ራስ ያለው አሮጌ ሲንጀር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብረቱ ከክፍሉ ጋር ይቀዘቅዛል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በሩ ተዘግቶ ቡና ሲፈላ አየሩ በፍጥነት ይሞቃል፣ ተንም ይጨምራል፤ ብረቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ያኔ እጄን በመኪናው አንገት ላይ ሳሳልፍ ጣቴ ርሶ ይመለሳል፤ የወርቅ ቀለሙ ጽሑፍ ላይ ጥቃቅን ጠብታ ተደርድሮ ይታያል። 17 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 85 የሆነ አየር 14 ተኩል ዲግሪ የሚሆን ነገር ሲነካ ጤዛ ይጥላል። ዝገቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ይልቁንም ጨርቁን ከሚገፉት ጥርሶች ሥር የተጠራቀመው የጨርቅ ብናኝ ያንን ጤዛ እንደ ስፖንጅ ይዞ ስለሚቆይ፣ ላዩ ንጹሕ የሆነ መኪና ታቹ ዝጎ ይገኛል። የመርፌውን ሳህን ፈትቶ ብናኙን በብሩሽ ማውጣት፣ ጠብታ ዘይት ማድረግና ማታ በፕላስቲክ ሳይሆን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ማንኛውም ሰው የሚችለው ነው። ቡናውም ከስፌት ክፍሉ ውጭ ቢፈላ ይመረጣል።

ለግድግዳውም ምክንያቱ ያው ነው። ቁም ሳጥን ከውጭው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ሲቆም ከኋላው ያለው አየር አይንቀሳቀስም፣ ግድግዳውም ከክፍሉ ሁሉ የቀዘቀዘ ነው፤ ሻጋታው የሚነሣው ከዚያ ነው። ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ማራቅና ከወለሉ በጣውላ ከፍ ማድረግ ብዙ ያድናል። ጨርቅ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ ሲሉ ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩም በታች ይቀዘቅዝና ከውስጥ በኩል ያልበዋል፤ ጠብታው ጨርቁ ላይ ይወርዳል። ይህ ያለ ዝናብም የሚሆን ነገር በመሆኑ ብዙ ሰው ጣሪያው የሚያፈስ መስሎት ቆርቆሮውን ያስጠግናል። የሚያስፈልገው ግን ኮርኒስ ነው፤ አቡጀዲ ተወጥሮ የተሠራም ቢሆን ጠብታውን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ከሰሉ ልምጣ። ጸሐፊው ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ዘግቶ ማሞቅን መክረዋል። በዚህ ነጥብ ላይ ለስላሳ ቃል መጠቀም አልችልም፤ ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰው አየር እየሳበ ይታፈናል። «ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚለው በየቤታችን የሚነገር እምነት ስሕተት ነው። ጭሱ ቢያልቅም ጋዙ አያልቅም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ከባድ ድካም ምልክቶቹ ሲሆኑ፣ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከመቶ 72 ያህል ብቻ በመሆኑ ከመነሻውም የምንስበው ኦክስጅን ያነሰ ነው። በብዙ ቤት ደግሞ የስፌት ክፍሉ የመኝታ ክፍልም ነው፤ ሕፃን ከጨርቁ ክምር አጠገብ የሚተኛበት ቤት ብዙ አውቃለሁ። የጽሑፉን አንደኛና ሦስተኛ ምክር አንድ ላይ የፈጸመ ሰው፣ ማለትም መስኮቱንም የዘጋ ከሰሉንም ያነደደ፣ ምን ላይ እንደሚወድቅ ጸሐፊው ያሰቡበት አልመሰለኝም።

ከደኅንነቱ ሌላ፣ እሳቱ ለታሰበበት ዓላማም አይበጅም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሞቅ አየሩ ብዙ ውኃ እንዲሸከም ያደርገዋል እንጂ ውኃውን ከክፍሉ አያስወጣውም። መለኪያው ማታ ይወርዳል፤ እሳቱ ሲጠፋና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ፣ ከግድግዳውና ከጨርቁ የተነሣው ተን ተመልሶ በመኪናው፣ በመቀሱና በመስተዋቱ ላይ ይቀመጣል። በከሰል ፈንታ ቡታ ጋዝ ወይም ላምባ የሚያነድ ሰው ጭራሽ ውኃ ይጨምራል፤ አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ ሲነድ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የውኃ ተን ይወጣዋል፣ አንድ ሊትር ላምባም አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይሆናል። ማሞቅ የሚጠቅመው ከማናፈስ ጋር ሲጣመር ነው። ክፍሉን በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ከሰዓት በኋላ ብቅ በሚለው ፀሐይ ካሞቁ በኋላ ጨርቁ የለቀቀውን ተን መስኮት ከፍቶ ማስወጣት ያስፈልጋል። የከሰል ካውያ የምንጠቀም ሰዎችም ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለን፣ በር ከፍተን መተኮስ ይገባናል።

ጨውና ከሰል በሳህን ስለማስቀመጥ ያለው ምክር ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙ ግን ከሚነገርለት እጅግ ያነሰ ነው። የገበታ ጨው ከአየር ውኃ መሳብ የሚጀምረው አንጻራዊ እርጥበቱ ከ75 ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታች ሆኖ ሳህኑ ላይ ደርቆ ይቀመጣል፤ እንዲያውም ረጥቦ የነበረው ጨው ውኃውን መልሶ ለክፍሉ ይለቃል። ጨው በክረምት ውኃ ሲያዝል አይተናል የሚሉ ሰዎች ያዩት እውነት ነው፤ ያዩት ግን ክፍሉ ከ75 በላይ መሆኑን እንጂ ጨው ክፍሉን ማድረቁን አይደለም። የማብሰያ ከሰልም ጥቂት ይስብና ይጠግባል፤ የታፈነ ሽታ ማብረዱን ግን እመሰክራለሁ። መጠኑን ለማየት ጨርቁን ራሱን እንመልከት። ጥጥ እርጥበቱ 65 በሆነ አየር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 8 ያህል ውኃ ይይዛል፤ አየሩ ወደ 85 ሲወጣ ከ10 ያልፋል። 50 ኪሎ የጥጥ ጨርቅ የተከመረበት ክፍል በዚህ ልዩነት ብቻ ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ ይስባል። በክፍሉ ውስጥ ትልቁ ውኃ መጣጭ ጨርቁ ሆኖ ሳለ አንድ ሳህን ጨው ምን ያህል ይቀድመዋል? በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡት እርጥበት የሚስቡ ትናንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ክዳኑ በተገጠመ ጣሳ ውስጥ ከመርፌና ከመቀስ ጋር ሲሆኑ ያገለግላሉ፤ ለክፍል ግን አይሆኑም።

ጨው የሚጠቅምበት ሌላ መንገድ አለ፤ ጸሐፊው ቢያነሡት መልካም ነበር። በገበያ የሚገኙት ርካሽ የእርጥበት መለኪያዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርጎ፣ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ እንደ ጭቃ ካራሱት በኋላ ከመለኪያው ጋር ክዳኑ በተገጠመ ዕቃ ውስጥ ሌሊቱን ቢያሳድሩት፣ በውስጡ ያለው አየር 75 ላይ ይረጋል። መለኪያው 82 ካለ ሰባት ይጨምራል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያንን እያሰቡ ማንበብ ይቻላል።

የፌስታሉን ምክር የምቃወመው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ለመስከረም የታዘዘ ነጭ የመነን ቀሚስ በሐምሌ መጨረሻ ጨርሼ፣ ጥልፉ ቀጥ እንዲል በስታርች ነክሬ፣ እርጥብ ጨርቅ ደርቤ ተኩሼ፣ ገና ለብ እንዳለ በፌስታል ጠቅልዬ አሰርኩት። በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ስፈታው አፍንጫዬን የመታኝ የታፈነ የቤት ጠረን ነበር። በእጥፋቶቹ መስመር ሁሉ፣ በተለይ ስታርቹ በበዛበት በደረቱ ጥልፍ ዙሪያ፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት የመሰለ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። ዳግመኛ አጥቤዋለሁ፤ ነጠብጣቡ ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም፣ ቀሚሱንም ከኪሴ ተክቼ ሰጥቻለሁ። ፌስታል ውኃን ከውጭ እንደሚከለክል ሁሉ ከውስጥ የገባውንም አይለቅም። ከካውያ የወጣ ልብስ ገና ተን አለበት፤ ሌሊት ፌስታሉ ሲቀዘቅዝ ያ ተን በውስጡ ገጽ ላይ ጠብታ ይሆናል፤ ስታርች ደግሞ ለሻጋታ ቀለብ ነው። አሁን የተተኮሰ ልብስ ቢያንስ አንድ ሌሊት ተሰቅሎ ያድርና በታጠበ አሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ያለ ስታርች ነው የማስቀምጠው። ከላይ ለሚንጠባጠብ ጣሪያና ለአቧራ ሲባል ፌስታል ወይም ሸራ ከላይ ጣል ቢደረግ ግን፣ ጎንና ጎኑ ክፍት እስከሆነ ድረስ፣ ተቃውሞ የለኝም። በደንብ የደረቀ ልብስ ለባለቤቱ ሲላክም ፌስታል ይበጃል።

ክፍሉ በደረቀ ቁጥር ሥራው ይቃናል፣ ክር የሚበጥሰውም እርጥበት ነው የሚለው ነጥብ ስለ ክሮች ጠባይ ካለው እውቀት ጋር አይሄድም። ጥጥ ሲረጥብ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። ፖሊስተር ደግሞ በተለመደው አየር ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ ግማሽ የማይሞላ ውኃ ስለሚይዝ እርጥበቱ ወጣ ወረደ ብዙም አይሰማውም። ጸሐፊው ልክ የሚሆኑት በቪስኮስ የጥልፍ ክር ላይ ነው፤ ይህ የሚያብረቀርቅ ክር ሲርስ ከጥንካሬው ብዙ ያጣል፤ ሱፍም በመጠኑ ይደክማል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚሰፋው በፖሊስተርና በጥጥ ክር ስለሆነ፣ ክር ሲበጠስበት የአየሩን ጠባይ ከመውቀሱ በፊት የዶለዶመ ወይም የተጣመመ መርፌን፣ ከልክ በላይ የጠበቀ ክርንና ያረጀ ማጠንጠኛን ቢመረምር ይሻለዋል።

ከዚህም በላይ ድርቀት የራሱ ጉዳት አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊት ውርጭ ሲጥልና ቀኑ ፀሐይ ሲሆን፣ አየራችን በጣም ይደርቃል። ያኔ የፖሊስተር ገበር ከእጅ ጋር ይጣበቃል፣ ሲቆረጥ ጠርዙ እየተጠቀለለ መቀሱን ይከተላል፣ የጥጥ ክር ይሻክራል፣ የእንጨት ጥልፍ መወጠሪያ ይላላል። የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች እርጥበት ወደ አዳራሻቸው በመርጨት የሚሠሩት ክሩ በድርቀት እየተበጠሰ ስለሚያስቸግር ነው። ታዲያ ፋብሪካው ገንዘብ አውጥቶ የሚጨምረውን እርጥበት እኛ እስከ 30 ድረስ የምናሳድድበት ምክንያት የለም። ለጨርቅም ለብረትም ለሰው ጉሮሮም የሚስማማው ከ45 እስከ 60 ያለው ነው፤ ለሻጋታ አመቺ የሚሆነው ከ70 በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው።

ሱፍ ለሚሰፉ የመንዝ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር። ሱፍ ርጥብ መስሎ ሳይሰማ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ሲረጥብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የበርኖስ ግማሹን በዝናብ ቀን፣ ግማሹን ከሳምንት በኋላ በፀሐይ ቀን የቆረጠ ሰው ሁለቱ ጎኖች አልገጥም ቢሉት ሜትሩን አይጠራጠር። አንድ ልብስ በአንድ ቀን ይቆረጥ፤ ወይም ጨርቁ ሁለቱንም ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አድሮ ይቆረጥ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ማሽን ብዙ አልልም። በሰፊው የሚሸጠው ዓይነት አየርን በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ አሳልፎ ውኃውን በማንጠባጠብ የሚሠራ ነው፤ ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ቱቦው በረዶ ይይዝና የሚያወጣው ውኃ በጣም ይቀንሳል። በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ የክረምት ማለዳ ክፍሎቻችን በዚህ ሙቀት ላይ ናቸው። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሰው ማሽኑ ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል፤ ጸሐፊው ለቆላው መክረው ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። በደጋው ግን ያው ገንዘብ ኮርኒስ ቢያስመታ፣ የሚገጥም መስኮት ቢያሠራና አንድ የተፈተነ መለኪያ ቢገዛ ይሻላል።

ጽሑፉን ለሌሎች ያስተላለፋችሁ ወዳጆቼ፣ በሌላው ነጥብ ከእኔ ጋር ባትስማሙ እንኳ፣ የከሰሉን ምክር ብቻ ለይታችሁ «ይህ አደገኛ ነው» ብላችሁ ለላካችሁላቸው ሰዎች ዛሬውኑ መልሳችሁ ጻፉላቸው። ጸሐፊውም ያንን አንቀጽ ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት በትሕትና እጠይቃለሁ።